ይድረስ ቆላ ድባ ላሉት አባቴ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ ስጮኽ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማኝ እርስዎ ብቻ አልሰማ ስላሉኝ፣ ይኸው በወረቀት መጣሁ።

«ከመድኃኒት ቤቱ ደህና ደመወዝ ትታ የወጣችው ከሰው ተጣልታ ነው» ብለዋል አሉ። ከማንም አልተጣላሁም።

ሐምሌ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ እንደደረቀ፣ ጉንፋን ይዞት መድኃኒት ቤቱ መጣ። ማዘዣ የለውም። «አሞክሲሲሊን አምስት ፍሬ» አለኝ፤ ብሩ ለዚያ ብቻ ነው የሚበቃው። ጉንፋን የቫይረስ ነው፣ ይኼ አይነካውም ብዬ ላስረዳው ስጀምር የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከኋላዬ፣ «ስጪውና ይሂድ፤ እኛ ብንከለክለው ጎረቤት ይሸጥለታል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይሸጥለታል። ከአሥሩ አምስቱን በመቀስ ቆርጬ ሰጠሁት። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን የታተመው እኔ ጋ በቀረው ቁራጭ ላይ ነበር። ያንን ቁራጭ ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። እንዲህ ተቆንጥሮ ሲወሰድ ጀርሙ መድኃኒቱን እንደሚላመድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ያን ማታ ትዝ ያለኝ የሥጋ ቤቱ ነገር ነው። እርስዎ ሳኒታሪያን፣ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ሳሉ፣ በንጽሕና ጉድለት የዘጉበት ሰውዬ ለፋሲካ ዋዜማ ሁለት ኪሎ ሥጋ ልኮ፣ እማዬ ሽንኩርቱን እያቁላላች፣ «መልሰሽ ስጪው» ብለው እኔን ላኩኝ። መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ ሥጋው አሳዝኖኝ እንጂ ሌላ አይደለም!

ደንቢያን ወባ ከፈጀው በኋላ በ1947 ዓ.ም. ስለተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ስንቴ አውርተውኛል። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ገጠር ሲወርዱ፣ መርፌ ለሚወጋው ዶሮ ይታረዳል፤ እርስዎ ግን «የሽንት ቤቱ ሰውዬ» ነበሩ። ምንጭ ስላጠሩለት ያልታመመ ሰው አያመሰግንም። እኔንም ያለ ማዘዣ አልሰጥም ያልኩት ሁሉ ይረግመኛል፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ የቀን ገቢው ይቀርበታላ። እሱም አይፈረድበትም።

አሁን ጤና ጣቢያ ገብቻለሁ። ደመወዙ የበፊቱን ግማሽ ቢያልፍ ጥቂት ነው። በየወሩ የምልክልዎት ስለሚቀንስ አፍሬ ነው እስከዛሬ ዝም ያልኩት።

ለጥምቀት ይምጡ፤ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ጥላ ያለው ቦታ ቀድሜ እይዛለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትዎንም ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። ቀኑን ላየው እፈልጋለሁ፤ እባክዎ በመቀስ አይቁረጡት።

ልጅዎ፣ ከጎንደር