ሚቲዎሮሎጂ ለመማር ላሰብሽው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አያትሽን ሳሚልኝ።

ሚቲዎሮሎጂ ልማር ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ግን ከአሁኑ የሚገባሽ ነገር አለ፤ ትምህርቱ የጂኦግራፊ ቅጥያ አይደለም፣ ቴሌቪዥን ላይ ካርታ ፊት ቆሞ ማውራትም አይደለም። ፊዚክስ ነው፤ የሚጻፈው ደግሞ በሒሳብ ነው። ተማሪ የሚንገዳገደው የደመና ስም መለየት አቅቶት አይደለም፤ ዳይናሚክስና ቴርሞዳይናሚክስ (የአየር እንቅስቃሴና የሙቀት ትምህርቶች) ሲጀመሩ ዴሪቬቲቭ እጁ ላይ ስላልገባ ነው። ስለዚህ መስከረም ሳይጠባ እንዲህ አድርጊ።

የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራልን የያዙትን ምዕራፎች እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ሥራ መሣሪያ ያዢያቸው። ለማትሪክ የሚዘጋጅ ሰው ምርጫዎቹን ወደ ኋላ እየተካ መልሱን ይፈልጋል፤ ያ ዘዴ ነጥብ ያስገኛል፣ ዩኒቨርሲቲ ግን አያሻግርም። የድሮ ፈተና ስትሠሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን በወረቀት ሸፍነሽ ከባዶ ጀምሪ። ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝምንም አትዝለያቸው። የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚቀንሰው በኤክስፖኔንሻል ነው፤ ባሕር ወለል ላይ 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን፣ የጣናን ከፍታ 1790 ሜትር አድርገሽ፣ ለ8.4 ኪሎ ሜትር አካፍለሽ፣ ውጤቱን በኔጌቲቭ ምልክት ኤክስፖኔንሻል ውስጥ አስገብተሽ በ1013 ብታባዢው ባሕር ዳር ላይ 820 አካባቢ ይወጣልሻል። ስልክሽ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ ለባሕር ዳር 1015 ቢልሽ አትደናገሪ፤ እሱ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ የተሰላውን ነው።

ቬክተርን ደግሞ በነፋስ ተማሪው። የነፋስ አቅጣጫ የሚባለው የመጣበት ነው እንጂ የሚሄድበት አይደለም። ከተማው ከጣና በስተደቡብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰው ሰሜናዊ ነፋስ ነው። አሁን አንዱ ቀን ከ350 ዲግሪ፣ ሌላው ቀን ከ10 ዲግሪ፣ ሁለቱም በሰከንድ 4 ሜትር ነፈሰ እንበል። ደምረሽ ለሁለት ብታካፍይ 180 ይወጣል፤ ማለትም ነፋሱ ከደቡብ ነው የመጣው ይልሻል፣ ፍጹም ተቃራኒው! ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን በሳይን የምሥራቅ–ምዕራብ፣ በኮሳይን የሰሜን–ደቡብ ክፍሉን አውጥቶ ክፍሎቹን ማማከል ነው። የምሥራቅ–ምዕራቡ ይጣፋል፣ የሰሜኑ 3.94 ሆኖ ይቀራል። ይህን ስህተት ዲግሪ የጨረሱ ሰዎች ሪፖርት ላይም ታገኚዋለሽ።

ከፊዚክስ የሙቀት ምዕራፉን በደንብ ያዢ። ሐይቁ ራሱ ያስተምርሻል። ቀን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይመጣና ደመናው በጉና ተራራ በኩል ይቆለላል፣ ሐይቁ ላይ ሰማዩ ገለጥ ይላል። ሌሊት ይገለበጣል፤ ከዳርቻው ሁሉ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው አየር መሃል ላይ ተጋጭቶ ወደ ላይ ይነሳል። የሐይቁ ዝናብ ወደ ሌሊት የሚያደላው ለዚህ ነው። ድብቅ ሙቀት የሚባለውንም በቁጥር አስቢው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይወስዳል፣ ደመና ሲሆን መልሶ ይለቀዋል። ነጎድጓዱ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ክረምቱ ሳይወጣ ከአያትሽ ግቢ ዝናብ መለኪያ ትከዪ። የሁለት ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ውሰጂ፣ አንገቱ ሰፍቶ ከሚያልቅበት ቆርጠሽ የላይኛውን ክፍል ገልብጠሽ እንደ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ክተቺበት፤ ትነት ይቀንሳል። አፉን በማስመሪያ በሁለት አቅጣጫ ለኪ። 11 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 95 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሰጥሻል። ውሃውን ጠርሙሱ ላይ በማስመሪያ አታንብቢ፣ የለስላሳ ፕላስቲክ ታቹ ጎርበጥባጣ ነው፤ ከፋርማሲ በገዛሽው ሲሪንጅ እየሳብሽ ቁጠሪ። ዲያሜትሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትስቺ ዝናብሽ 9 በመቶ ይስታል፣ ያውም በየቀኑ በአንድ አቅጣጫ። አንድ ሜትር ቁመት ባለው እንጨት ላይ አስረሽ ከማንጎው ዛፍ ራቂ፤ ዛፉ 5 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 10 ሜትር። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጥግ ካስቀመጥሽው የምትለኪው ፍንጣሪውን ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለኪ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ማለት ነው። የምታነቢው ያለፈውን 24 ሰዓት ስለሆነ ትናንትናን የሚመለከት መሆኑን በሰንጠረዡ ራስ ላይ ጻፊ፤ አለዚያ ከሳተላይት መረጃ ጋር ስታነጻጽሪ ዝናቡ አንድ ቀን ተንሸራቶ ይመጣል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መዝግቢ። ሐምሌ 1 የሚውለው ጁላይ 8 ነውና የሐምሌ ድምርና የጁላይ ድምር አንድ አይደሉም። ይህቺ ነገር ቀላል ትመስላለች፣ ብዙ ሰንጠረዥ ያበላሸችው ግን እሷ ናት።

እርጥበትን ለመለካት ሁለት ቴርሞሜትር በሰው እልክልሻለሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም ደረቅ አድርገሽ ጎን ለጎን አስቀምጪና ልዩነታቸውን መዝግቢ። ከዚያ የአንዱን አምፖል በንጹሕ ሻሽ ጠቅልለሽ በዝናብ ውሃ አርጥቢው፤ የቧንቧ ውሃ ሻሹን በጨው ያደርቀዋል። ጥላ ውስጥ ሆነሽ በካርቶን አራግቢ፣ መውረዱን ሲያቆም አንብቢ። ደረቁ 26፣ እርጥቡ 18 ቢያሳይ በባሕር ዳር ግፊት አንጻራዊ እርጥበቱ 48 በመቶ ገደማ ነው። መጽሐፍ ጀርባ ያለው ሰንጠረዥ 45 ይልሻል፣ ምክንያቱም ለባሕር ወለል ግፊት የተሠራ ነው። እርጥቡን በአንድ ዲግሪ ብትስቺው ደግሞ ከ5 በመቶ በላይ ይዛባል፤ ስለዚህ ከሰንጠረዡ ይልቅ መጀመሪያ እጅሽን አሠልጥኚ።

ስለ መጽሐፍ ካነሳሁ አይቀር፣ የሚያጋጥሙሽ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተጻፉ ናቸው። ቀዝቃዛና ሞቃት ግንባር (ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚጋጠሙበት ድንበር) እያሉ ምዕራፍ ይጨርሳሉ፤ የባሕር ዳር ክረምት በግንባር አይመጣም። ምድር በመሽከርከሯ ነፋስን ከመንገዱ የሚያጣምመው የኮሪዮሊስ ኃይልም በባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ኬክሮስ በ45 ዲግሪ ካለው ከሲሶ ያነሰ ነው፣ በዚህ የተነሳ እነሱ የሚመኩበት የነፋስና የግፊት ሚዛን እኛ ጋ ይላላል። ሒሳቡን ከእነሱ ተማሪ፣ የአየሩን ጠባይ ግን ትሮፒካል ከሚለው ክፍል። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ አካባቢ መሞቅ) ክረምታችንን ለምን እንደሚያዳክም ያኔ ይገባሻል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2015ቱን ድርቅ እንደ ምሳሌ ያዢው።

ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ጀምሪ፣ ቀጥሎ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ። ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይትና የጣቢያ ዝናብ መረጃ በፈረንጆች ከ1981 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። መረጃው የተከፋፈለበት አንዱ ካሬ በጎን 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ሐይቁን ይዞ ሊሆን ይችላልና ከአያትሽ ግቢ ጋር በቁጥር እኩል ይሁን አትበይ፤ የቀኖቹ መውጣትና መውረድ ይመሳሰል እንደሆነ እዪ።

ዲግሪውን አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። የመጀመሪያ ዓመት ነጥብሽ ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ስለሚወስን ፍሬሽማን ላይ ጄነራል ፊዚክስንና ሒሳብን አትናቂ፣ እንግሊዝኛም ጭምር፤ የላብ ሪፖርቱ የሚጻፈው በእሱ ነው።

የመጀመሪያውን የ15 ቀን ሰንጠረዥ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የጠርሙሱን ዲያሜትርና የሁለቱን ቴርሞሜትሮች ልዩነት ከላይ መጻፍ እንዳትረሺ፣ ያለነሱ ላርምልሽ አልችልም።

እናትሽ