ዲናሞውን ከመጣላችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዘዞ የትራክተር ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነኝ። ባለፈው ሰኔ አንድ የደምቢያ ገበሬ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን 35 ትራክተራቸውን ይዘው መጡ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝተዋል፤ ባትሪውን የሚሞላው ማመንጫ፣ ዲናሞውም፣ ተቃጥሏል፣ ይጣል ተብለዋል። ዝናቡ ገብቶ ዋልካው ሳይረጥብባቸው ለማረስ የቸኮሉ ሰው ናቸው። ዲናሞውን ፈትቼ ሳየው ኮሙቴተሩ፣ ማለትም ካርቦኖቹ የሚነኩት የሚሽከረከር የመዳብ ቀለበት፣ ንጹሕ ነው፤ ካርቦኖቹም ገና አላለቁም። ይህን የመሰለ ዕቃ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ በተደጋጋሚ ስላየሁ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት።

ዲናሞ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በሚሽከረከረውና ሽቦ በተጠቀለለበት መሐል፣ በአርሜቸሩ፣ ላይ ሲሆን፣ ማግኔቱን የሚሰጡት በቤቱ ውስጥ ዙሪያውን የተቀመጡት የፊልድ ጥቅሎች ናቸው። ጥቅሎቹ ግን ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከዲናሞው ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲነሣ ሥራውን የሚያስጀምረው በብረቱ ውስጥ ተርፎ የቀረው ጥቂት ማግኔት ነው። የዚህ ትርፍ ማግኔት አቅጣጫ ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ይወስናል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ትራክተሮች ከቦዲ የሚታሰርላቸው ፖዘቲቩ ነው። የእኚህን አባት ባትሪ የለወጠው ሰው እንደ ዛሬ መኪና ኔጌቲቩን ከቦዲ አሰረው፤ ዲናሞው ግን በቀድሞ አቅጣጫው ማመንጨቱን ቀጠለ። ሁለቱ ስለተጻረሩ ባትሪው አልሞላም። ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል በሚቆጣጠረው በሬጉላተሩ ሣጥን ውስጥ ያለውን፣ የዲናሞው ቮልት ከባትሪው ሲበልጥ፣ ወደ 13 ቮልት ገደማ፣ የሚገጥመውን የመቁረጫውን መነካኪያ ነጥብ ጠቁሮ አገኘሁት።

ፍተሻው ቀላል ነው። መጀመሪያ ቺንጊያው እንዳልላላ ይታይ። ከዚያ በሉካስ ዲናሞ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተነቅለው በዲናሞው ላይ የቀሩት ሁለቱ ጫፎች በአጭር ሽቦ ይያያዙ፣ የቮልት መለኪያው ቴስተር በእነርሱና በቦዲው መካከል ይግባ፣ ሞተሩም ቀስ እያለ ፍጥነት ይጨመርለት። ንባቡ ሳይዘል እስከ 20 ቮልት ከወጣ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ማስሮጥ አይገባም። 1 ቮልት አካባቢ ከቀረ ፊልዱ፣ 5 አካባቢ ከቆመ አርሜቸሩ ይጠረጠራል። ዲናሞው ደኅና ሆኖ ባትሪው ካልሞላ ወደ ሬጉላተሩ መሄድ ነው።

እኔ የሠራሁት ነጥቡን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ፣ ከቦዲ ካልታሰረው የባትሪ ጫፍ በወጣ ሽቦ፣ ሁለቱ ሽቦዎች እንደተነቀሉ፣ በዲናሞው ላይ ያለውን ትንሹን የፊልድ ጫፍ አንድ ሁለት ሴኮንድ መንካት ብቻ ነበር። ትንሽ ብልጭታ ታየች፤ ማግኔቱም አቅጣጫውን ቀየረ። ሞተሩ ተነሥቶ ፍጥነት ሲጨመርለት ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ጀመረ። አሜሪካ ሠራሽ በሆኑ ብዙ ትራክተሮች የፊልዱ አያያዝ ስለሚለይ ይህ መንገድ ለእነርሱ አይሆንም፤ በእነርሱ የሚደረገው በሬጉላተሩ ላይ የባትሪውንና የዲናሞውን ጫፍ ለቅጽበት ማገናኘት ነው።

ዲናሞን የዛሬ መኪኖች በሚጠቀሙበት ማመንጫ፣ በአልተርኔተር፣ የሚለውጡትን አልቃወምም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት የተሻለ ይሞላል። ነገር ግን ተገልብጦ የታሰረ ባትሪ የአልተርኔተርን ዳዮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ክፍሎች፣ በቅጽበት ያቃጥላልና፣ ጥንቃቄው በዚያ የባሰ እንጂ የቀለለ አይደለም። ስለዚህ በከተማችንም ሆነ በመተማ መንገድ ባትሪ የምታስሩ ባለሙያዎች፣ ከቦዲ ያሰራችሁት የትኛው ጫፍ እንደሆነ በትራክተሩ ላይ በቀለም ጽፋችሁ እንድትተዉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የትራክተር ኤሌክትሪክ ጠጋኝ
ከአዘዞ፣ ጎንደር