ፊርማው እስከ የት ድረስ ነው?

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬስ፣ ልጆቹስ? ዝምታዬ በዛ አይደል? ናፍቆትሽ ግን አንድም ቀን አልለቀቀኝም።

የዲቪሽ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። ያኔ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጉዞሽን ሲያግድብሽ፣ «አንድ ሰው ብድግ ብሎ በፊርማው ዕድሌን ይዘጋዋል እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። ለዜግነት ፈተና ሳጠና ጥያቄሽ እየመጣ እረፍት ነሳኝ፤ ገባ ብዬ አነበብኩ።

ዲቪን ያቋቋመው የአሜሪካ ሕግ አውጪ ኮንግረስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990። ፕሬዚዳንቱ በራሱ ሊሰርዘው አይችልም። ግን የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ መግባታቸው አገር ይጎዳል ያላቸውን የውጭ ሰዎች እንዲያግድ ይፈቅድለታል። ትራምፕ በ2020 በሩን የዘጋው በዚሁ ነው። ባይደን በ2021 አነሳው። የየዓመቱ የዲቪ ቪዛ ግን ሴፕቴምበር 30 ላይ ያበቃል፤ ለስንቱ ሰው ጊዜው አልፎ ነበር።

የሚገርምሽ የሕጉ አወላለድ ነው። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን፣ ሰውን በትውልድ አገሩ እየለየ ኮታ ይሰጣል ብሎ አልፈርምም አለ። ኮንግረሱ በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እምቢታውን ሽሮ አጸደቀው። አንቺን ያገደሽ ሥልጣን የመጣው አንድ ፕሬዚዳንት እምቢ ካለው ሕግ ነው!

ይህ የሆነው በጁን 1952 ነው፤ በዚያው ወር ትሩማን ሌላም ቦታ ተረታ። የኮሪያ ጦርነት ላይ ነበሩ። የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ እኔ ነኝ ብሎ ፋብሪካዎቹን በትእዛዝ ያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ከለከለው። ከዘጠኙ ዳኞች አራቱን የሾመው ራሱ ነው፤ ከነሱም ሁለቱ ፈረዱበት። በዚያው ቀን ፋብሪካዎቹን ለባለቤቶቹ መለሰ። አስቢው፣ ጦርነት ላይ ያለ መሪ፣ በገዛ ሹመኞቹ ተፈርዶበት እሺ ሲል!

ሕግ ያልሰጠው ፕሬዚዳንት ፋብሪካ መያዝ አቃተው። ሕግ የሰጠው ደግሞ በአንድ ወረቀት የሺዎችን ጉዞ ያስቀራል። ስለዚህ እኔ የማዝነው ይበልጥ በኮንግረሱ ነው። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ሥልጣን የሚያጠብ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ ሴኔት ጋ ቀረ።

ዜግነቴን ወስጃለሁ፣ እንኳን ደስ አለሽ በይኝ። የወረዳችን ተወካይ ስብሰባ ሲጠራ ሄጄ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ እደውልልሻለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ እህትሽ