የጠፋው ኮመንትሽ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝን ሁለት ስክሪንሾት ደጋግሜ አየኋቸው። አንቺ ግሩፑ ላይ «ይሄ ውሸት ነው፣ ሰው አታሳስቱ» አልሽ። ኮመንትሽ ጠፋ፤ ለ7 ቀን እንዳትጽፊም ታገድሽ። ከሥርሽ ያለው ሰውዬ «ውሸታም ሁላ!» ብሎ የጻፈው ግን እስካሁን አለ። የግሩፑ ሕግ «ስድብ ክልክል ነው» ይላል። ብትናደጂ አልፈርድብሽም።

ግን አድሚኑ ጠምዶኛል ከማለትሽ በፊት አንዴ ስሚኝ። እኔም አንድ ትልቅ ግሩፕ ላይ 3 ዓመት አድሚን ነበርኩ። ሁሉን ማንበብ አይቻልም። በብዛት የምናየው ሪፖርት የተደረገውን ነው። አንቺን አንድ ሰው ሪፖርት አድርጎሽ ይሆናል፤ እሱን ማንም አላደረገው ይሆናል። ክልክል ቃላትን በራሱ የሚለቅመው ማጣሪያም ቃሉን ብቻ ያያል፣ የተባለበትን መንፈስ አያውቅም። ከአድሚኖቹም አንዱ ቁጡ ነው፣ ሌላው ሆደ ሰፊ፤ ያን ሰዓት ማን እንደገባ ለውጥ አለው።

አድልዎ የለም እያልኩሽ አይደለም። እኔው አድርጌዋለሁ። ከግሩፑ ነባር አባላት አንዷ አዲስ የገባችን ልጅ «ደደብ» አለቻት። አየሁት። ጣቴ «አጥፋ» የሚለው ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ወዳጄ ነበረቻ። በዚያው ሳምንት አንድ የማላውቀውን ልጅ በዚሁ ቃል ከግሩፑ አስወጣሁት። «እሷስ?» ብሎ በውስጥ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም። ያቺ መልእክት እስከዛሬ ትቆጨኛለች።

ትልልቆቹም ጋ ያው ነው። ፌስቡክ ታዋቂ ሰዎችን ለብቻ የሚያይበት «ክሮስቼክ» የሚባል አሠራር እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2021 ሾልከው በወጡ ሰነዶች ታወቀ። በ2020 ቢያንስ 5.8 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ነበሩበት። የሌላው ሰው ጽሑፍ ወዲያው ሲጠፋ፣ የእነሱ ግን የፌስቡክ ሠራተኛ እስኪያየው ሳይነካ ይቆይ ነበር። አሁን የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ ጽሑፍ ያጠፋ እንደ ፌስቡክ ያለ መድረክ ምክንያቱን ለጸሐፊው እንዲነግር ያስገድዳል። እኔ ያንን ልጅ የነፈግሁት ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ለአድሚኑ በውስጥ ጻፊለት። የሰውዬው ኮመንት ይጥፋ ብለሽ አትጀምሪ። «የትኛው ቃሌ የትኛውን ሕግ ጣሰ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። ከመለሰልሽ ለኔም ላኪልኝ፤ ዝም ካለሽ ደግሞ ደውዪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ