«ታዲያ ምን ይጠበስ?»፦ የድርሰት ክበባችን ዓመት

የዓመቱን የመጀመሪያ ስብሰባ በአንድ ጥያቄ ከፈትን። ተማሪዎች ስልክ ይዘው ክፍል ይግቡ ወይስ አይግቡ? አባላቱ ሃያ ደቂቃ ተሰጥቷቸው ጻፉ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳነብ አብዛኞቹ የሚጀምሩት «እንደሚታወቀው» በሚል ቃል ነው። አጨራረሳቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ «ስለዚህ ስልክ ጥቅምም ጉዳትም ስላለው በአግባቡ ልንጠቀምበት ይገባል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም ሰው አይገኝም። ማንም የማይቃወመውን ሐሳብ ይዞ ደግሞ አከራካሪ ድርሰት መጻፍ አይቻልም። ልጆቹ አቋም አጥተው አይደለም። ወረቀቱን አስረክበው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ስለዚሁ ስልክ ሲጨቃጨቁ ሰምቻቸዋለሁ። አንዱ ግግም ብሏል፣ ሌላዋ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ትደረድራለች። ያ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የለም። የዓመቱ ሥራችን የኮሪደሩን ክርክር ወረቀት ላይ ማውረድ ሆነ።

መጀመሪያ «እንደሚታወቀው»ን ከለከልን። የሚታወቅ ከሆነ መጻፉ አያስፈልግም፤ የማይታወቅ ከሆነ ማስረጃ ይፈልጋል። ከዚያ እያንዳንዱ አባል አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰፈረ። ከመካከላችን ቢያንስ አንድ ሰው «አልስማማም» ካላለ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ ይሠራል።

ከባዱ ቀጥሎ መጣ። አንዲት አባላችን እንዲህ ጻፈች፦ «ስልክ ክፍል ውስጥ መከልከል አለበት። ባለፈው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የአንድ ተማሪ ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ።» አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አነበበና «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አላት። ተናደደች። እኔ ግን ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየረቂቁ ጠርዝ ላይ የምንጽፈው እሱን ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ክርክርን ፈታትቶ ሲያሳይ ትኩረት የሰጠው ለዚሁ ቦታ ነው። አቋም አለ፣ ማስረጃ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ማገናኛ አለ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ እሺ። ግን «ድምፁን አጥፍታችሁ ያዙ» ማለት አይበቃም ወይ? ልጅቷ ሁለት ሳምንት ታገለችበት። የመጨረሻው ረቂቋ ይኸውላችሁ፦

«ስልክ ሲጮኽ መምህሩ ያቆማሉ። እኛም ዞረን እናያለን። ከዚያ የጀመርነውን ስሌት የት እንዳደረስነው እንፈልጋለን። አንድ ሰው ተደወለለት፣ የሁላችንም ትምህርት ተቋረጠ። ድምፅ ማጥፋት ይበቃል የሚሉ አሉ። የሚበቃው ግን ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ካስታወሰ ነው። ያን ቀን ሦስት ጊዜ የጮኸው ‹አጥፍቼዋለሁ› ያለው ልጅ ስልክ ነበር።»

ያ ጠያቂ ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይኼ ውኃ ያነሳል» አላት። አቋሙን አልቀየረም። ለእኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ ያቺ ደቂቃ ትበልጥብኛለች።

ተቃራኒ ሐሳብን ማስተማር ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወሰደ። ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 የራሱን ወገን ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለዚያ ነገር የሚያውቀው ጥቂት ነው ብሎ ጽፏል። ይህን ለአባላቱ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። በተግባር ግን አንዱ ልጅ «ስልክ ይፈቀድ የሚሉት ጨዋታ የሚወዱ ሰነፎች ናቸው» ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ደንብ አወጣን። የተቃዋሚህን ሐሳብ ጽፈህ ለራሱ ለተቃዋሚህ ታነብለታለህ። እሱ «አዎ፣ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው» ካላለህ እንደገና ትጽፋለህ።

ይህ ልጅ አራት ጊዜ ተመለሰ። በአምስተኛው «ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ተማሪ ስልኩን ከተነጠቀ ልቡ ትምህርቱ ላይ አይሆንም» ብሎ መጣ። ተቃዋሚው የነበረችው ልጅ «አዎ» አለችው። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው የራሱን አቋም አስተካከለ፤ «ከመምህሩ ፈቃድ ካገኘ ተማሪ በስተቀር» የሚል ሐረግ ጨመረበት። ስድቡም ከረቂቁ ወጣ። አርስቶትል ከማሳመኛ መንገዶች አንዱ የተናጋሪው ጠባይ ነው ይላል። እዚህ ላይ በዓይኔ ያየሁት እሱን ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበብነው ተቆጥተን ነበር፣ የመጨረሻውን ግን አምነነው።

ያልተሳካልንም አለ። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የምትለዋ ሐረግ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልጠፋችም። የቱ ጥናት? ማን አጠናው? ሲባሉ መልስ የላቸውም። ማስረጃ ፍለጋ ላይ የሰጠሁት ጊዜ አንሷል፤ በሚመጣው ዓመት የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ለሱ እንሰጠዋለን።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት እውነተኛ አንባቢ ፈለግን። ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት እንዲከፈት ለርዕሰ መምህራችን ለመጻፍ ተስማማን። የመጀመሪያው ረቂቅ «ንባብ የሙሉ ሰው መገለጫ ነው» እያለ ይቀጥላል። ጠርዙ ላይ ያቺ ጥያቄ ተጻፈች። ከዚያ አባላቱ ተራ ገብተው አምስት ቀን በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆሙ፤ መጥቶ ተዘግቶ ያገኘውን ተማሪ ሁሉ መዘገቡ። ደብዳቤው በዚያ ቁጥር ጀመረ። «የሚቆጣጠር ሰው የለም» የሚለውን መቃወሚያም ራሳቸው አንስተው የተረኞች ዝርዝር አያያዙበት።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን መልሰው ላኩት፤ ከግርጌው ላይ በእጃቸው «መጽሐፍ ቢጠፋስ?» ብለው ጽፈውበታል። ይህን አላሰብነውም ነበር። በማግስቱ፣ የስብሰባችን ቀን ባልሆነበት፣ በክፍሉ ሳልፍ ስድስት አባላት አንድ ወረቀት ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። «ተዋሽ ይፈርም» በሚለውና «በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ አይውጣ» በሚለው መካከል እየተከራከሩ ነበር። ሁለተኛው አሸነፈ።

ቤተ መጻሕፍቱ አሁን ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ ሰዓት ክፍት ነው። የቀሩትን ሦስት ቀናት የሚጠይቀው ረቂቅ ተጀምሯል።