መጀመሪያ እጁን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ያስቸገረን ሙቀቱ ብቻ ነው። የመጋቢትን ባሕር ዳር ታውቂዋለሽ፤ ሐይቁ አጠገብ እየኖርን እንኳ ነፋስ ይናፍቀናል።

የላክሽልኝን ረጅም የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ኤሌክትሮድ ያለው ቆብ ይዘሽ መጥተሽ ወንድምሽን ልምምድ ልታስጀምሪው አስበሻል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። ግን ነገሩ ገብቶኛል። ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ ወይም እንደሚያንቀሳቅስ ብቻ ሲያስብ፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለሰው የአንጎል ሞገድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቆቡ ያንን ይለቅማል፣ ኮምፒውተሩ ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል። የወንድምሽ ጉዳት ህብለ ሰረሰሩ ላይ ነው፤ አንጎሉ ዛሬም ያዛል፣ መንገዱ ነው የተቆረጠው።

የብራዚሉን ቪዲዮም አብረን አየነው። በፈረንጆቹ 2014 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ ሰው በአንጎሉ ሞገድ የሚታዘዝ የብረት አካል ለብሶ ኳስ የነካበትን። ወንድምሽ የከነማ ደጋፊ አይደል፣ ደጋግሞ አየው። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ያንን የሠሩት ተመራማሪዎች ጥናት በፈረንጆቹ 2016 ሲወጣ፣ 8 ሰዎች ለአንድ ዓመት ሰልጥነው በከፊል ስሜትና የጡንቻ እንቅስቃሴ እንደተመለሰላቸው ተጽፏል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰዎቹ በማሽን እየተደገፉ የመራመድ ልምምድም አብረው ይሠሩ ነበር፤ ሳይሠለጥን ለማነጻጸሪያ የተያዘ ሌላ ቡድንም አልነበረም። ይህንን ስታወሪለት ሁለቱንም ንገሪው። ቀዶ ጥገና ያለበትን፣ አንጎል ውስጥ የሚተከለውን የኢሎን መስክን ቺፕ፣ ለጊዜው አታንሺብኝ።

የኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። እግሩን ተዪውና እጁን አስቢለት።

በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት 681 የህብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ምን ቢመለስላችሁ ኑሯችሁ ይሻሻላል ብሎ ጠይቆ ነበር። እጅም እግርም ከማይታዘዛቸው ውስጥ ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ የመረጡት እጅን ነው። እኔ ለዚህ ጥናት አያስፈልገኝም፤ ማዕድ ላይ አየዋለሁ። ወንድምሽ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ሲያነሳ ጣቶቹ በራሳቸው እጥፍ ይላሉ። በዚያች ዘዴ ተጠቅልሎ የተሰጠውን ይይዛል። እንጀራ መቁረስ ግን አይችልም። ጉርሻ አንዴ ሁለቴ ሲሆን ፍቅር ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ሲሆን ሰውን ያሳንሳል። አፉን ይከፍትልኛል፣ ዓይኑን ግን ከኔ ያሸሻል።

ደግሞ አንቺ ባለሽበት ከተማ፣ በኦስትሪያዋ ግራዝ፣ የተሠራ ነገር አለ አላልሽኝም? በፈረንጆቹ 2003 አንድ እጅና እግሩ የማይታዘዝ ሰው ቆቡን አድርጎ እግሩን እንደሚያንቀሳቅስ ሲያስብ፣ የእጁ ጡንቻዎች በኤሌክትሪክ ተነቃቅተው ብርጭቆ ጨበጠ። እግሩን እያሰበ እጁ ተዘጋ! ለወንድምሽ ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ዝም ብሎ ጣቶቹን አየ። ከብረቱ አካል ይልቅ ይህን አሳዪው።

አሁን ደግሞ የነርስነቴን ልናገር፤ ቅር እንዳይልሽ። ግማሽ ሰዓት በተቀመጠ ቁጥር ልምምዱን አቁመሽ ከዊልቸሩ ላይ ክብደቱን እንዲያዛውር አድርጊ። የመቀመጫ ቁስል ከወጣበት ወራት ይበላል። ራሴን አመመኝ ካለሽ፣ ፊቱ ከቀላና ላብ ካጠመቀው፣ ቆቡ ጠብቆበት ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪውና የሽንት ቱቦው እንዳልታጠፈ እዪ፤ ፊኛው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። የሱ ዓይነት ጉዳት ላይ የደም ግፊቱ በደቂቃ ውስጥ ተተኩሶ ይወጣል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ከጉዳቱ በታች በደንብ ስለማያልበውም ሙቀት ይጎዳዋል። ስለዚህ ልምምዱ ጠዋት ይሁን፤ መብራትም ጠዋት ይሻላል።

የጸጉሩ ነገርም አለ። ኤሌክትሮዱ የራስ ቅል ቆዳ ካልነካ አያነብም፤ የኛ ጸጉር ደግሞ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ያዩ ተመራማሪዎች ጸጉሩን በቀጭን በቀጭኑ ሠርተው በመሃሉ ኤሌክትሮድ የሚያስገቡበት ዘዴ ፈጠሩ አሉ። ሹሩባ ማለት እኮ ነው! ለዚህማ እኔ አለሁልሽ። ወንድምሽ ሹሩባ እሠራለሁ ወይ የሚለው ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልምምዱ አድካሚ ነው ብለሽኛል፤ አንዳንዱ ሰው ለወራት ለፍቶም ሞገዱ እሺ አይለውም። ታዲያ ይህን ለኔ ነግረሽ ለሱ ለምን ደበቅሽው? ልቡ እንዳይሰበር ብለሽ ከሆነ፣ ከዚህ የባሰ ነገር ሰምቶ ያደረ ልጅ ነው። እኔ እሺ ብልሽም ጭንቅላቱ የሱ ነው። ዛሬ ማታ ለራሱ ደውዪለት፣ እኔን በመሃል አታስገቢኝ። ከነማ የሚጫወት ከሆነ ግን ከጨዋታው በኋላ ይሁን፤ ካልሆነ አያነሳልሽም።

እናትሽ
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር