ሞላ መቁረጥ ለምን አቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በጋራዣችን መኪና ዝቅ ለማድረግ ሞላ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመውን ጥምዝ ብረት፣ አንቆርጥም። በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈን ዝም ከምንል፣ ምክንያቱን ብንጽፍላችሁ ይሻላል ብለናል። አብዛኞቻችሁ የምታመጡልን ማርቸዲስ 124 ስለሆነ የምንናገረው ስለ እሱ ነው።

መኪናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቸርኬ ቀይራችሁ፣ አሳምራችሁ መንዳት መፈለጋችሁን አንቃወምም። እኛም ወደዚህ ሥራ የገባነው መኪና ስለምንወድ ነው። ግን ይህ መኪና የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ነው። ምርቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቆሟል። ትንሹ የሚባለው እንኳ 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ የተበላሸውን ጥሎ ሌላ መግዛት እንደ ድሮው አይደለም። በእጃችን ያለውን መያዝ አለብን።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን ተመልሶ መጣ። ከወራት በፊት አራቱንም ሞላ የቆረጥንለት እኛው ነን። የኋላ ጎማዎቹ ከውጭ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ። መኪናውን አንስተን ከውስጥ በኩል ስናያቸው ግን ተበልተው ሽቦው ወጥቷል። ጎማዎቹ ከተገዙ ስድስት ወር አልሞላቸውም። ዝናብ ሲሆን የኮብልስቶን ዳገት ላይ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን እየሸሸበት ተቸግሮ ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚያ መኪና ነው። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ውሳኔው የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ መኪና የሞተሩ ጉልበት በሙሉ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው። የፊት ጎማዎች ሥራ መሪውን መታዘዝና ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። መሪው እጅ ላይ የሚለሰልሰው፣ መኪናው «ከባድ ነው ግን አይከብድም» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው እያንዳንዱን የኋላ ጎማ በአምስት ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ ክንድ) ነው የያዘው። አምስቱ ተጋግዘው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም መሬቱን በሙሉ ፊቱ እንዲረግጥ ያደርጉታል። መኪናው ከልክ በላይ ዝቅ ሲል ግን የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያጋድላል። ጎማው የሚረግጠው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይሆናል። ይህን ማጋደል የሚመልስ ማስተካከያ ደግሞ ፋብሪካው ከኋላ አላስቀመጠም። ስለዚህ የጎማ አቀማመጥ ወደሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ደጋግማችሁ ብትሄዱም መፍትሔ አታገኙም።

የተቆረጠ ሞላ ሌላም ችግር አለው። የሞላው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲቆረጥ አይገጥምም፤ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል። የመኪናውን መንጠር የሚያበርደው ሾክ አብዞርበርም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጥረዋል። እያንዳንዱ ስፒድ ብሬከር ላይ እስከ መጨረሻው ይመታል። ሦስትና አራት ወር ቆይታችሁ «ሾክ አብዞርበሩ ኦርጅናል አልነበረም» ብላችሁ የምትመጡት ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ዕቃው ኦርጅናል ነበር። የገደለው የተቆረጠው ሞላ ነው።

ታዲያ ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ምን ያድርግ? ፋብሪካው ራሱ መንገድ አስቀምጧል። በሞላው አናት ላይ የሚቀመጥ ላስቲክ አለ። በአራት ዓይነት ውፍረት ይሠራል፤ ቀጭኑ 8፣ ወፍራሙ 23 ሚሊ ሜትር ነው። ላስቲኩ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። አንድ ጉብታ ያለው ቀጭኑ ነው፣ አራት ያለው ወፍራሙ። ወፍራሙን አውጥቶ ቀጭኑን በማስገባት መኪናው በልኩ ዝቅ ይላል። ካልተስማማችሁ ይመለሳል። የተቆረጠ ሞላ ግን አይቀጠልም። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መኪናም በዚሁ ላስቲክ ይስተካከላል። ዕቃ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ጉብታውን ቁጠሩ፤ ሻጩ የሚሰጣችሁ ሁሉ አንድ ይመስላል።

ቸርኬን በተመለከተ አጭር ነገር። የዚህ መኪና የተለመደው ጎማ 195/65 በ15 ነው። ከ15 ኢንች ቸርኬ ወደ 17 ከፍ ብላችሁ 225/45 ጎማ ብታስገቡ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ያው ነው፤ የፍጥነት መለኪያውም አይዋሽም። ነገር ግን በቸርኬውና በመንገዱ መካከል ያለው ላስቲክ ከ127 ወደ 101 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። በእኛ ጉድጓድ ላይ ያቺ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቸርኬ ታድናለች። የእኛ ምክር 16 ላይ ቁሙ፤ 205/55 ይስማማዋል።

አሁን ሞተሩን ወደሚያቀዘቅዘው የራዲያተር ውሃ እንሂድ። ከሞላው ይልቅ ሞተር የሚገድልብን እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 92 ላይ ይፈላል። የማርቸዲሱ ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው ከ85 እስከ 100 ባለው ሙቀት ነው። ታዲያ ለምን በየቀኑ አያፈላም? በውሃ መያዣው ክዳን ምክንያት ነው። ክዳኑ ላይ 140 የሚል ቁጥር አለ፤ 1.4 ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ግፊቱ ካለ ውሃው 120 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም። ክዳኑ ከላላ ወይም የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ ገና መደበኛ ቦታ ላይ እያለ ውስጡ ይፈላል። ባሕር ዳር ደርሰው ሲመለሱ አባይ በረሃ ዳገቱ ላይ የሚቆሙ መኪኖች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ ዕቃ ነው። የሚያልቀው ግን የሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲቃጠል ነው። የክዳኑ ዋጋ ከጓርኒሲዮኑ ጥገና ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ይሁን። ሞተሩ እንደጋለም ክዳኑን ፈጽሞ አትክፈቱ፤ ፊቱ የተቃጠለ ሰው እናውቃለን።

«ጉልበት ጨምሩልኝ» የምትሉንም አላችሁ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ የሚሆነውን ጉልበቱን ያጣል። 136 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ኢ 200 የሚባለው የ124 ሞዴል እዚህ ከ105 ብዙም አያልፍም። ማርሜታ (የጭስ ማውጫ) ማስፋት ያንን አይመልስም፤ ድምፅ ብቻ ይጨምራል። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ያረጀ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ግን ሞተሩ ያለውንም ይቀሙታል። መጀመሪያ እነሱን እናስተካክልና ንዱት። ከዚያ በኋላ ጉልበት የጠየቀን ሰው ጥቂት ነው።

ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። አውቶማቲኩ በዝግታ ስትነሱ ከሁለተኛ ማርሽ ነው የሚነሳው። አሠራሩ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ማርሽ ሲቀይር በኃይል የሚገፋ ከሆነ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የምትሄደውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ እዩ። ሌላ ቦታ ካምቢዮው ይቀየር የተባለች መኪና እኛ ጋ መጥታ፣ የተቀደደች አንዲት የጎማ መጋጠሚያ ቀይረን ሸኝተናል። ባለቤቷ ያገለገለ ካምቢዮ ለመግዛት ብር ተበድራ ነበር። መንገድ ላይ ስትነሱ ከመሃል ወለሉ ሥር ዱብ የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ትራስሚሲዮኑን፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደውን ረጅም ብረት፣ ከካምቢዮ ጋር የሚያያይዘው ክብ ጎማ ተሰንጥቆ ይሆናል። ያን አታቆዩት። ከተበጠሰ ረጅሙ ብረት ወለሉን ይመታል።

ከ1993 እስከ 1995 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ኢ 200፣ 220፣ 280 ወይም 320 ያላችሁ የሞተሩን ሽቦ አስመርምሩ። በእነዚያ ዓመታት የተገጠመው የሽቦ ልባስ በሙቀት ይፈረፈራል። ኮፈኑን ከፍታችሁ በውሃ ግፊት አታሳጥቡ። ለሙዚቃም ሆነ ለመብራት ከሞተሩ ሽቦ ላይ አትቀጥሉ። መስመሩ በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ ፊውዙም እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን።

እንግዲህ ከሐምሌ ጀምሮ መኪና ለማሳመር ስትመጡ አስቀድመን አንስተን እናየዋለን። ቡሽ፣ ባልጆይንት፣ ክዳን፣ የፍሬን ዘይት። የጎደለውን ጽፈን እንሰጣችኋለን፤ የትም ብታሠሩት የእናንተ ምርጫ ነው። ከዚያ ስለ ላስቲኩና ስለ ቸርኬው እንነጋገራለን።

ከዚህ በፊት እኛ ጋ ሞላ ያስቆረጣችሁ ደግሞ መኪናችሁን አምጡልን። ሙሉ ሞላ ገዝታችሁ ከመጣችሁ የመግጠሚያ የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። ቅዳሜም እንሠራለን።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባልደረቦች